አረንጓዴው መብራትና ባዶው ገጽ፦ የፍለጋ ፕለጊኖችን በማስተዋል ስለ መጠቀም

እንደሚታወቀው በአሁኑ ጊዜ ስለ አንድ ከተማ፣ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል ማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጎረቤቱን ሳይሆን በእጁ የያዘውን ስልክ ነው። ስልኩ ጥያቄውን ለፍለጋ ሞተር ያቀርባል፤ የፍለጋ ሞተሩም ለቁጥር ከሚያታክቱ ገጾች መካከል ጥቂቶቹን መርጦ ይደረድራል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት መልሶች አልፎ አይሄድም። በመሆኑም በዝርዝሩ አናት ላይ መገኘት ለድረ ገጽ ባለቤቶች ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። ይህንኑ ለማገዝ የተሠሩ ‹‹ፕለጊን›› የሚባሉ ተቀጥላ ፕሮግራሞችም በዓለም ዙሪያ በሰፊው ተሠራጭተዋል።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በሌሎችም የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ለሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለግል ትምህርት ቤትና ለንግድ ቤት ድረ ገጽ መሥራት የሚችል ወጣት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ሙያውን በዩኒቨርሲቲ የተማረ አለ፤ በራሱ ጥረት ከስልኩ ላይ የለመደም አለ። ሁሉም ገና ከጅምሩ የሚያገኙት መሣሪያ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ገጹ ‹‹ለፍለጋ ተስማሚ›› ሲሆን አረንጓዴ፣ ሳይሆን ሲቀር ቀይ መብራት የሚያሳይ ፕለጊን። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሥራው እንደ ተጠናቀቀ ይቆጠራል።

እኛ በዚህ አንስማማም። አረንጓዴው መብራት ገጹ እንዴት እንደለበሰ እንጂ ምን እንደያዘ አይነግረንም። ስለ አካባቢያችን የተጻፉ ገጾች ጥቂት በመሆናቸው በመጀመሪያ የተገኘው ገጽ እንደ እውነት ይወሰዳል። ስለዚህ ፕለጊን የሚጭን ወጣት ከቴክኒክ ባለሙያነቱ በተጨማሪ የምስክርነት ኃላፊነትም አለበት እንላለን። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ፕለጊኑ በእርግጥ የሚሠራው ምንድን ነው?

የፍለጋ ሞተር ሥራ በሦስት ደረጃዎች ይከፈላል። በመጀመሪያ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየተሻገረ ገጾችን ይጎበኛል። ቀጥሎ ያነበበውን ከመጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደምናገኘው ማውጫ ባለ መዝገብ ያሰፍራል። በመጨረሻም ጥያቄ ሲቀርብለት ከመዝገቡ ውስጥ ተስማሚ የሆኑትን በደረጃ ይዘረዝራል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ‹‹ፔጅ ራንክ›› የተባለው ስሌት አንድ ገጽ በሌሎች ገጾች መጠቀሱን እንደ ድምፅ ይቆጥር ነበር፤ በሳይንስ ዓለም ብዙ ጊዜ የተጠቀሰ ጥናት ክብደት እንደሚሰጠው ማለት ነው። ዛሬ ደረጃውን የሚወስኑት መለኪያዎች እጅግ ቢበዙም መሠረታዊ ሐሳቡ አልጠፋም።

ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ዎርድፕረስ የተባለው ሶፍትዌር ለአገልግሎት የበቃው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ለእርሱ ከተዘጋጁት የፍለጋ ፕለጊኖች መካከል ‹‹ኦል ኢን ዋን ኤስ.ኢ.ኦ.›› በ2007፣ ሆላንዳዊው ዮስት ደ ፋልክ የሠራውና በስሙ የሚጠራው ፕለጊን በ2010፣ ‹‹ራንክ ማት›› ደግሞ በ2018 ወጥተዋል። እነዚህ ፕለጊኖች ለገጹ ርዕስና አጭር መግለጫ የሚጻፍበት ሳጥን ያቀርባሉ፤ የድረ ገጹን ካርታ ለፍለጋ ሞተሩ ያዘጋጃሉ፤ አንድ ጽሑፍ በሁለት አድራሻ ሲገኝ ዋናው የትኛው እንደሆነ ይጠቁማሉ። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚዎች ናቸው። ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ ያለ ፕለጊንም የሚገኙ መሆናቸውን ማወቅ ይገባል፤ ለምሳሌ ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2020 ጀምሮ የድረ ገጽ ካርታን በራሱ ያዘጋጃል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነጥብ ፕለጊኑ ከፍለጋ ሞተሩ ጋር ምስጢር የሚጋራ አለመሆኑ ነው። አረንጓዴው መብራት የጉግል ፍርድ አይደለም፤ የፕለጊኑ ሠሪዎች ‹‹ይህ ሳይጠቅም አይቀርም›› ብለው ያሰናዱት የማስታወሻ ዝርዝር ውጤት ነው። ‹‹ቁልፍ ቃላት›› የሚጻፉበትን ስውር መስመር እንውሰድ። ጉግል ይህን መስመር ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት በይፋ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 ነው። ይህ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላም ሳጥኑን በመሙላት ጊዜያቸውን የሚያባክኑ አሉ።

መብራቱ የማያውቀው ቋንቋ

ፕለጊኖቹ የተወለዱት በእንግሊዝኛና በአውሮፓ ቋንቋዎች ዙሪያ ነው። የንባብ ቅለትን ለመገመት ሲጠቀሙበት የቆዩት ቀመር ሩዶልፍ ፍሌሽ እ.ኤ.አ. በ1948 ለእንግሊዝኛ ያዘጋጀው ሲሆን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉትን ቃላትና በአንድ ቃል ውስጥ ያሉትን ክፍለ ድምፆች ይቆጥራል። በአማርኛ ግን ‹‹እስክንመለስ›› የሚለው አንድ ቃል ጊዜንም፣ ባለቤትንም፣ ድርጊትንም በአንድነት ይዟል። በእንግሊዝኛ ሚዛን ቢመዘን ‹‹ረጅምና አስቸጋሪ ቃል›› ተብሎ ይመዘገባል፤ ለአማርኛ አንባቢ ግን ሕፃን የሚረዳው ቃል ነው።

በቁልፍ ቃል ቆጠራ ላይ ችግሩ ይብሳል። የቃልን እርባታ ያልተማረ ፕለጊን ‹‹ሆሳዕና›› የሚለውን ቁልፍ ቃል ሲፈልግ በሆሳዕና፣ ከሆሳዕና፣ የሆሳዕና፣ ሆሳዕናን የሚሉትን እንደ ሌላ ቃል ያያቸዋል። ጸሐፊው በትክክለኛ አማርኛ አሥር ጊዜ ከተማዋን ጠቅሶ ሳለ ‹‹ቁልፍ ቃልዎ አልተገኘም›› ሊባል ይችላል። መብራቱን አረንጓዴ ለማድረግም ‹‹ሆቴል ሆሳዕና፣ ምርጥ ሆቴል ሆሳዕና›› እያለ ሰዋስው የሌለው ጽሑፍ መደርደር ይጀምራል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ሰውን ማገልገሉን ትቶ ሰው መሣሪያውን ማገልገል ጀመረ ማለት ነው።

የፊደላችንም ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ‹‹እ›› 4773፣ ‹‹ዕ›› ደግሞ 4821 ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሁለት ፊደላት ለኮምፒውተር የማይተዋወቁ ቁጥሮች ናቸው። ‹‹ሆሳዕና›› የሚለውን ስም በተመሳሳይ ድምፅ ለመጻፍ ሆ፣ ሖ ወይም ኆ፤ ሳ ወይም ሣ፤ ዕ ወይም እ መጠቀም ስለሚቻል በሒሳብ 3 × 2 × 2 = 12 አጻጻፎች ይገኛሉ። ‹‹ሆሳና›› የሚለው የአነጋገር አጻጻፍ በዚህ ላይ ሲጨመር 13 ይሆናሉ። ‹‹ሀዲያ›› የሚለውም በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ከምባታ እና ከንባታም እንዲሁ ሁለቱም ተጽፈው ይታያሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ ሌላ ዝብርቅርቅ ይጠብቀናል፤ ሀዲይኛና ከምባትኛ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች በመሆናቸው ጉዳዩ በእንግሊዝኛ ገጾች ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

የፍለጋ ሞተሮች ከእነዚህ አጻጻፎች አንዳንዶቹን አቻ አድርገው ሊያዩ ይችላሉ። ሆኖም ይህን ሥራ ለማሽኑ ብቻ መተው አስተዋይነት አይደለም። መደበኛውን አጻጻፍ በርዕሱና በጽሑፉ ውስጥ ወጥ አድርጎ መጠቀም፣ ሌላውን የተለመደ አጻጻፍ ደግሞ በተገቢው ቦታ አንድ ጊዜ መጥቀስ የሰው ፈንታ ነው።

አንድ ስም፣ ሦስት ጥያቄዎች

‹‹ሆሳዕና›› ብሎ የሚፈልግ ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊፈልግ ይችላል። ከትንሣኤ በፊት ባለው እሑድ የሚውለውን በዓል፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኘውን ከተማ ወይም ሀዲያ ሆሳዕና የተባለውን የእግር ኳስ ክለብ። ከተማዋ ቀደም ሲል ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዋም በዚሁ ስም ይጠራል። እነዚህን ለይቶ ማወቅ የሚችለው አገሩን የሚያውቅ ጸሐፊ እንጂ ፕለጊን አይደለም።

የሆስፒታሉን ስም ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። በከተማዋ የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከሀዲያ በተገኘችው በንግሥት እሌኒ ስም ‹‹ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ›› ተብሎ ይጠራል። ታማሚ ይዞ ከገጠር የሚመጣ ቤተሰብ ግን ስልኩ ላይ የሚጽፈው ‹‹ሆሳዕና ሆስፒታል›› ብሎ ሊሆን ይችላል። ገጹ ሙሉውን የክብር ስም ብቻ ከያዘ በጭንቅ ላይ ያለው ጠያቂ ላያገኘው ይችላል። ሁለቱንም ስሞች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማገናኘት ምንም ዓይነት ፕለጊን አይጠይቅም፤ ጠያቂው ማን እንደሆነ ማሰብን ብቻ ይጠይቃል።

ጊዜ ያለፈበት እውነትም ሌላው ችግር ነው። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ሆሳዕናና ዱራሜ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆናለች፤ የቀድሞው ከምባታ ጠምባሮ ዞንም በዚያ ስሙ የለም። ከዚያ በፊት የተጻፈና ያልታደሰ ገጽ ግን አረንጓዴ መብራቱን እንደያዘ ይኖራል። ርዕሱ ልኩን የጠበቀ፣ መግለጫው የተስተካከለ፣ ቁልፍ ቃሉ የተሟላ ይሆናል፤ እውነቱ ግን አልፎበታል። ‹‹ውስጡን ለቄስ›› የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህም ሌላ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የሚያወጡትን ማስታወቂያ ፊርማና ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ ልማድ ሆኗል። ፎቶው ለሰው ዓይን ይነበባል፤ ለፍለጋ ሞተር ግን በአብዛኛው ሥዕል ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶችም ከላይ አማርኛ ይመስላሉ እንጂ ከሥር የተመዘገበው የላቲን ፊደል በመሆኑ በአማርኛ ቢፈለጉ አይገኙም። ማስታወቂያውን ከፎቶው ጎን በጽሑፍ መተየብ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከማንኛውም ፕለጊን የበለጠ ጥቅምም ይሰጣል።

ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክል ጎልቢየቭስኪና ዳና ቦይድ የተባሉ ተመራማሪዎች ‹‹የመረጃ ባዶነት›› የሚል ጽንሰ ሐሳብ አቅርበዋል። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው፤ ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፈው ጥቂት ከሆነ የፍለጋ ሞተሩ ያለውን ጥቂት ነገር፣ ጥራቱ ምንም ይሁን ምን፣ አናት ላይ ያስቀምጣል። ባዶውን ቦታ አስቀድሞ የሞላ ሰው ያለ ተወዳዳሪ ይነግሣል። በእንግሊዝኛ ስለ ለንደን የሚዋሽ ገጽ ሺህ እውነተኛ ገጾች ይጋርዱታል። በአማርኛ ስለ ዱራሜ ወይም ስለ ሾኔ የሚዋሽ ገጽ ግን የሚጋርደው ላይኖር ይችላል።

ይህ በእኛ አካባቢ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት አጋጣሚ አለ። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሰደዱ የታወቀ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከማላዊ ወደ ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በገባ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ‹‹ደቡብ አፍሪካ ሥራ›› ብሎ ሲፈልግ ምን ያገኛል? በሕጋዊ መንገድ የውጭ ሥራ ስምሪት እንዴት እንደሚከናወን፣ የመንገዱ አደጋ ምን እንደሆነ፣ እዚሁ ምን ዓይነት ሥልጠና እንዳለ የሚገልጽ ግልጽ የአማርኛ ገጽ ከሌለ፣ ባዶውን ቦታ ደላላው በሚያምር ርዕስና በአረንጓዴ መብራት ሊሞላው ይችላል። ፕለጊኑ ለደላላውም ለመምህሩም እኩል ያገለግላል፤ ሕሊና የለውምና።

ስለዚህም ነው ‹‹የምስክርነት ኃላፊነት›› ያልነው። በብዙ ገጾች መካከል አንድ ገጽ የሚጨምር ሰው ተወዳዳሪ ነው፤ ምንም በሌለበት ቦታ የመጀመሪያውን ገጽ የሚጽፍ ሰው ግን ምስክር ነው።

አቋራጭ መንገድና ዋጋው

‹‹በአንድ ሳምንት ውስጥ የጉግል አንደኛ እናደርግዎታለን›› የሚል ማስታወቂያ ያየ አንባቢ ጉግል ራሱ የአንደኛ ደረጃ ዋስትና መስጠት የሚችል ማንም እንደሌለ እንደሚያስጠነቅቅ ይወቅ። አቋራጩ መንገድ ለታላላቆቹም አልበጀም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 የመኪና አምራቹ የቢ.ኤም.ደብልዩ. የጀርመን ድረ ገጽ ለፍለጋ ሞተር አንድ ጽሑፍ፣ ለሰው ሌላ ገጽ በማቅረቡ ከጉግል መዝገብ ተሠርዞ ነበር። ጉግል በ2011 ፍሬ ቢስ ገጾችን፣ በ2012 ደግሞ በተንኮል የተበራከቱ ሊንኮችን የሚቀጡ ለውጦች አድርጓል። በመጋቢት 2024 ደረጃ ለማግኘት ሲባል ብቻ በገፍ የሚመረቱ ጽሑፎችን፣ በሰው ይጻፉ በማሽን፣ የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ጽሑፍ የሚያመርት ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእጃችን በገባበት በዚህ ዘመን ይህ ደንብ ለእኛም የተጻፈ ነው። በማሽን የተዘጋጀ መቶ ገጽ ስለ ሆሳዕና ምንም አዲስ ነገር አይነግረንም፤ በአንድ ተማሪ ተጠይቆና ተጣርቶ የተጻፈ አንድ ገጽ ግን ይነግረናል።

ፕለጊኑ ራሱም ከስሕተት ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 የወጣው የዮስት ሰባተኛ እትም በአንዳንድ ድረ ገጾች ላይ አንድ ቅንብርን በስሕተት በመለወጡ እያንዳንዱ ፎቶ ባዶ የሆነ የራሱ ገጽ እንዲኖረው አድርጎ ነበር፤ ሠሪውም በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። በ2021 መጨረሻ ደግሞ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ድረ ገጾች ላይ በተጫነው በኦል ኢን ዋን ኤስ.ኢ.ኦ. ውስጥ አደገኛ የደኅንነት ክፍተቶች መገኘታቸው ተገልጿል። ክፍተቶቹ በአዲስ እትም ተደፍነዋል፤ ፕለጊኑን ጭኖ የረሳው ሰው ግን በሩን ከፍቶ እንደተኛ ይቆጠራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

‹‹ጀማሪ ነን፤ መብራቱ ባይኖር ከየት እንጀምር?›› የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ፕለጊን አትጠቀሙ አንልም። ርዕስ መርሳትን፣ መግለጫ መዝለልን፣ ፎቶን ያለ ማብራሪያ መተውን የሚያስታውስ መሣሪያ መልካም ረዳት ነው። የምንለው ረዳቱ አለቃ አይሁን ነው።

በመሆኑም የሚከተሉትን እንመክራለን። አንደኛ፣ አንድ ፕለጊን ብቻ ይበቃል። ሁለት የፍለጋ ፕለጊኖች በአንድ ድረ ገጽ ላይ ሲጫኑ የሚጋጩ መግለጫዎችና ሁለት ካርታዎች ያወጣሉ፤ ገጹንም ያከብዱታል። ይህ ደግሞ የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት ቆጥሮ ለሚገዛ አንባቢ ኪሳራ ነው። ሁለተኛ፣ ድረ ገጹ ሲጠናቀቅ የፍለጋ ሞተር እንዳይገባ የሚከለክለው የዎርድፕረስ ምልክት መነሣቱ ይረጋገጥ፤ በሥራ ወቅት ተደርጎ የተረሳ ይህ አንድ ምልክት የወራት ድካምን ከንቱ ያደርጋል። ሦስተኛ፣ ፕለጊኑና ዎርድፕረሱ በየጊዜው ይታደሱ፤ ከማደስ በፊትም የገጹ ቅጂ ይቀመጥ። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ገጽ የተጻፈበትን ወይም የታደሰበትን ቀን ይያዝ። አምስተኛ፣ መብራቱ ቀይ ሆኖ ዓረፍተ ነገሩ ትክክለኛ አማርኛ ከሆነ መብራቱ ይቅርና ዓረፍተ ነገሩ ይቆይ።

ከሁሉ በላይ ግን ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ‹‹ይህን ገጽ የሚፈልገው ማን ነው? ምን ብሎ ይጠይቃል? ሲያገኘውስ ምን ሊያደርግበት ይችላል?›› የታማሚ ቤተሰብ የካርድ ክፍሉን የሥራ ሰዓት ይፈልጋል። ጆሃንስበርግ ያለ ልጅ ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚደርስ ይፈልጋል። የአንጋጫ ገበሬ የእንሰት አጠውላጊ በሽታ እንዳይዛመት ቢላዋውን እንዴት ማጽዳት እንዳለበት ይፈልጋል። ለእነዚህ ሰዎች መልስ የያዘ ገጽ ከቁልፍ ቃል ቆጠራ በፊት ዋጋ አለው።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ ስለ ወረዳቸው ገበያ ወይም ስለ አንድ ወንዝ አንድ የተጣራ ገጽ በአማርኛ፣ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ቢጽፉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጥናታቸውን ፍሬ ሐሳብ ለተራው አንባቢ በሚገባ ቋንቋ በሁለት ገጽ አሳጥረው ቢያወጡ፣ ባዶው ቦታ ቀስ በቀስ በባለቤቶቹ እጅ ይሞላል። ይህን ሥራ የጀመረ ሁሉ መብራቱን ይመልከት፤ ነገር ግን ‹‹አትም›› የሚለውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ጽሑፉን አካባቢውን ለሚያውቅ አንድ ሰው ያስነብብ። ‹‹እውነት ነው፣ ገብቶኛልም›› የሚለው የዚያ ሰው ቃል ከማንኛውም አረንጓዴ መብራት የበለጠ መተማመኛ ነው እንላለን።